ተልባ ተልባ የሚሸተው ግንብ

ባለፈው ሳምንት አንድ አሮጌ ወንበር ላድስ ብዬ የቀለም መደብር ገባሁ። ሻጩ ቆርቆሮውን ፈንቀል አድርጎ "ለእንጨት ከዚህ የተሻለ አታገኚም" ሲለኝ ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ዘው አለ። የተልባ ዘይት! ሰውዬው ስለ ብሩሹ፣ ለመድረቅ ስለሚፈጅበት ጊዜ ማውራቱን ቀጠለ፤ እኔ ግን የለሁም። ፈረንጅ አገር፣ ሜድስቶን የሚባለው የልጅነት ሰፈሬ ነኝ፣ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ አያቴ ከአጥሩ ወዲህ ቆመው አየሩን እያሸተቱ "ምንድን ነው ይሄ? ተልባ አይደል እንዴ?" ይሉኛል።

ወንበሩን እስካሁን አላደስኩትም። ቆርቆሮውን ግን ገዝቼው መጣሁ። ኩሽና ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ አልፎ አልፎ ከፈት አድርጌ አሸተዋለሁ። ሰው ቢያየኝ ምን ይለኝ ይሆን!

ነገሩ እንዲህ ነው። በፈረንጆቹ 2014፣ ሰኔ ላይ፣ የእናቴ አባት ከአርሲ ሊጠይቁን መጡ። አባባ ነበር የምላቸው። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ቤት ውስጥም ቢሆን ባርኔጣቸውን ከአጠገባቸው የማይለዩ ሰው ነበሩ። ቪዛቸው ስድስት ወር ነው። እማዬ ላቨርተን ኖርዝ መጋዘን ውስጥ ስለምትሠራ ሳይነጋ ትወጣለች፤ እኔ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ፤ አባባ ከቲቪው ጋር ይቀራሉ። ቲቪው ደግሞ የሚያወራው በእንግሊዝኛ ነው። ስመለስ ሁልጊዜ መስኮቱ ሥር ባለው ወንበር ላይ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ውጭውን ሲያዩ ከሩቅ አያቸዋለሁ።

"አባባ፣ ምን ሲሠሩ ዋሉ?"

"ስቆጥር።"

"ምን?"

"መኪና። ሰው የት አለና! አንድ ሰው አለፈ፣ እሱም ውሻውን ሊያናፍስ ነው።"

እማዬ "ይለምዱታል" ትላለች። እኔ ግን ለአጎቴ በስልክ የነገሩትን ሰምቻለሁ፤ "ልጄ እንዳይከፋት ብዬ ነው እንጂ ነገውኑ ብመጣ ደስ ይለኛል" ሲሉ። አባባ እስኪመጡ ድረስ የቤቱን ቁልፍ በአንገቴ አንጠልጥዬ ነበር የምውለው። ከመጡ ወዲህ ግን ገና በሩ ጋ ሳልደርስ የሚከፍትልኝ ሰው አለ። "መጣሽ? እሰይ!" የሚለኝ ሰው። ያንን ቁልፍ እንደገና አንገቴ ላይ ማንጠልጠል አልፈለግኩም። ስለዚህ እዚህ የሚያቆያቸው ጓደኛ ልፈልግላቸው ተነሳሁ።

በእኛ መንገድ ላይ ሌላ ሽማግሌ አንድ ብቻ ነበሩ፤ ከአጥሩ ማዶ ያሉት አክሰል። የዴንማርክ ሰው ናቸው። በባዶ ስማቸው ስጠራቸው እማዬ ሰምታ "አንቺ! ሽማግሌ አይደሉ? ጋሽ በያቸው!" ስላለችኝ ጋሽ አክሰል ሆነው ቀሩ። እሳቸውም ትርጉሙን ሳይጠይቁ ተቀበሉት። ጋራዣቸው ውስጥ መኪና የለም። መኪናው መቆም ያለበት ቦታ ላይ ሰፊ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ከእንጨት የተሠራ ግንብ አለ። ቁመቱ እስከ ደረቴ ይደርሳል። ግድግዳው ቀይ ነው፤ የጣሪያው ጫፍ በሁለት በኩል ደረጃ እየሠራ ወደ ላይ ይወጣል፤ አንድ ማማ አለው፤ ዙሪያውን ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ውሃ ከቦታል። መስኮቱ ለጉድ ነው። እያንዳንዱ መስኮት ይከፈታል፣ ይዘጋል። እንጨቱን በተልባ ዘይት ስለሚያሹት ጋራዡ በሙሉ ተልባ ተልባ ይሸታል።

"ይሄ በአገሬ ያለ የባሮን ቤት ነው" አሉኝ። "አንድ ቤተሰብ ሦስት መቶ ዓመት እየተወራረሰ ኖሮበታል።"

"ውሃውስ? ስዊሚንግ ፑል ነው?"

"ሰው እንዳይገባ ነው።"

ግድግዳው ላይ አንድ ፎቶ ነበር። ያው ግንብ ነው፤ ደረጃው ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡ ባልና ሚስት፣ ከኋላቸው ነጭ ሽርጥ የለበሱ ሴቶች፣ ዳር ላይ ፈረስ የያዘ ሰው። ከሁሉም ፊት፣ መሀል ላይ፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ልጅ የትልቅ ውሻ ማሰሪያ ይዞ ሣር ላይ ተቀምጧል።

"ይሄ ልጅ እርስዎ ነዎት?"

"አዎ።"

ከዚህ በላይ ምን ልጠይቅ? ከሁሉም ፊት የተቀመጠው እሳቸው፣ ውሻው የእሳቸው፣ ግንቡም የእሳቸው! እየሮጥኩ ቤት ገባሁ።

"አባባ! ጎረቤታችን ጌታ ናቸው!"

"የምን ጌታ?"

"ጌታ ነዋ! ቤተ መንግሥት ነበራቸው። ብዙ መሬት! ራሳቸው ነገሩኝ። እርስዎን መተዋወቅ እፈልጋለሁ፣ ይምጡልኝ ብለዋል።"

ከዚህ ውስጥ እውነቱ ግንቡ ብቻ ነው። ጌትነታቸውን ከፎቶው ገመትኩ፤ ነገሩኝ፣ ይምጡልኝ ብለዋል ያልኩትን ደግሞ እኔ ነኝ የጨመርኩት። ተራ ጓደኛ ከማግኘት ጌታ የሆነ ጓደኛ ማግኘት ይበልጣል ብዬ ነው። አያቴ የጭሰኛ ልጅ መሆናቸውን ማን ነገረኝ? ጭሰኛ ምን እንደሆነስ መች አውቄ?

አባባ ባርኔጣቸውን አነሱ፣ መልሰው አስቀመጡ። "እንግዲህ ጠርቶኝ ከሆነ መቅረት ነውር ነው" አሉ። ደስ ያላቸው መስሎኝ ጨፈርኩ። ወዲያው ለጋሽ አክሰል አያቴ ነገ አራት ሰዓት ላይ ይመጣሉ ብዬ ነገርኳቸው። "በሩ ክፍት ነው፣ ዝም ብሎ ይግባ በይው" አሉኝ። እሺ አልኩ። ይሄንን ግን ለአባባ መንገሩን ረሳሁት። ልጅ አይደለሁ!

በማግስቱ ሐሙስ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩን የከፈተልኝ የለም። አንኳኳሁ፣ አንኳኳሁ። በመጨረሻ አባባ ከፈቱልኝና "መጣሽ?" ሳይሉኝ ተመለሱ። ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰዋል፤ ትከሻው በውሃ ርሷል። ሻንጣቸው አልጋው ላይ ተከፍቶ ተዘርግቷል።

"አባባ፣ ምን ሆኑ?"

"ደጅ አስጠናኝ።"

ትርጉሙ አልገባኝም፤ ድምፃቸው ግን አስፈራኝ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና ነገሩኝ። ልክ አራት ሰዓት ሄደዋል። የጋራዡ በር እስከ ወገብ ተከፍቷል፤ ውስጥ ራዲዮ ይሰማል። ጌታ ቤት ሳይጠሩት ዘው ተብሎ አይገባምና ባርኔጣቸውን አውልቀው ደጁ ላይ ቆሙ። አሳሉ። ማንም አልወጣም። ዝናቡ መጣ። ቆሙ። እስከ ስድስት ሰዓት ቆሙ።

"እኔ ያንቺን ያህል ሳለሁ" አሉኝ፣ "ባላባታችን ከመሬቱ ሊነቅለን ሆነ። አባቴ አንድ በግ ይዞ፣ እኔን አስከትሎ ሊለምነው ሄደ። ደጅ መጥናት ይሉታል ይሄን። በር ላይ ቆመሽ ጌታው እስኪያይሽ ትጠብቂያለሽ። ሦስት ቀን ቆምን። በሦስተኛው ቀን ጌታው በቅሎው ላይ ሆኖ ወጣ። በጉን አስገቡለት፤ እኛን ቀና ብሎ እንኳን አላየንም። አባቴ ባርኔጣውን እንዳወለቀ ሜዳው ላይ ቀረ። ያን ቀን በልጅ አፌ ማልኩ። ከእንግዲህ በጌታ ደጅ አልቆምም አልኩ። መሬት ላራሹ ሲታወጅም ይሄ ሁሉ ያለፈ መስሎኝ ነበር። አሁን በስተርጅና፣ ባሕር ተሻግሬ መጥቼ መሐላዬን አፈረስኩ!"

እማዬ ከሥራ ስትመጣ "የመመለሻ ትኬቴን ቀን ወደዚህ አምጪልኝ" አሏት።

"ምነው አባዬ? ምን ተፈጠረ?"

"ምንም። አገሬ ናፈቀኝ።"

እማዬ የሥራ ጫማዋን እንኳን አላወለቀችም። እንዲህ ቆርጠው ከተናገሩ እንደማይመለሱ ታውቃለች። "እሺ፣ ሰኞ ኦፍ ነኝ፤ ያኔ ደውዬ ቼንጅ አስደርገዋለሁ" አለችና ሻወር ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ውሃውን ሳትከፍት ብዙ ቆየች።

ጌታ ነው ያልኩት እኔ፣ ጠራዎት ያልኩት እኔ፣ ይግባ በይው የተባልኩትን የዋጥኩት እኔ። ለአባባ ልንገራቸው ብዬ ሁለት ጊዜ በራቸው ጋ ደርሼ ተመለስኩ። ፈሪ ነበርኩ፣ ምን ላድርግ! በጋሽ አክሰል መናደድ ይሻለኝ ነበር።

አርብ ከትምህርት ቤት ቀጥታ ጋራዡ ገባሁ። "አያቴን ለምን ዝናብ ላይ አቆሟቸው?" ብዬ ጮህኩባቸው።

ጋሽ አክሰል መነጽራቸውን አወለቁ። "አቆምኩት? አልመጣም እኮ! ስጠብቀው ዋልኩ።" ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ሁለት ኩባያና አንድ ሳህን ብስኩት ሳይነካ ተቀምጧል። ጆሮአቸው እንደማይሰማ ማሰብ ነበረብኝ፤ ራዲዮውን እንኳን ሰፈሩ በሙሉ ካልሰማላቸው እሳቸው አይሰሙትም። ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ በጉ፣ ስለ በቅሎው፣ ስለ መሐላው። "እርስዎ ጌታ ስለሆኑ ነው ሳይጠሩኝ አልገባም ብለው ደጅ የጠኑት" አልኳቸው።

"እኔ ምን ስለሆንኩ?"

"ጌታ። ባሮን።"

ይስቃሉ ብዬ ነበር። አልሳቁም። ፎቶውን ዞር ብለው አዩት። "ስንት ሰዓት ቆመ?"

"ሁለት ሰዓት።"

"እዝናቡ ላይ?"

"እዝናቡ ላይ።"

አንገታቸውን ደፍተው ራዲዮውን አጠፉ። ጌታ በመሆናቸው ያፈሩ መስሎኝ ደስ አለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ዝናቡ እየወረደ ነው። አባባ ከመስኮቱ ሥር "አንቺ ልጅ፣ ነይ እስቲ" አሉኝ። "ያ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው?"

ጋሽ አክሰል በራችን ላይ ቆመዋል። ጥቁር ሙሉ ልብስ፣ ከረባት፣ ባርኔጣቸው በእጃቸው። ራሰ በራቸው ላይ ዝናቡ እየወረደ ነው። በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ብብታቸው ሥር ሸጉጠዋል። ደወሉ አፍንጫቸው ሥር ነው፤ አይደውሉም። እማዬ በፒጃማዋ መጥታ አየችና "በስመ አብ! እኚህ ሰው ምን ነካቸው? ደወሉ አልሰራ አለ እንዴ?" አለች።

"ደጅ እየጠኑ ነው" አልኩ።

አባባ ወደ እኔ ዞሩ። "ማን ነገረው?"

"እኔ።"

ተመልሰው በመስኮቱ አዩ። ፊታቸው ላይ ምን እንደነበር እስከ ዛሬ ልገልጸው አልችልም። ንዴቱም አለ፣ ሳቅም የመሰለ ነገር አለ፣ እንባም አለ። እማዬ ወደ በሩ ስትራመድ ክንዷን ያዙዋት። ትንሽ ቆዩ። ጋሽ አክሰል አስነጠሱ።

"ኧረ ብርድ ይገድለዋል! ክፈቱለት! ክፈቱለት እንጂ!" ብለው ጮሁ፤ ግን ማንንም አልጠበቁም። በካልሲያቸው ዝናቡ ላይ ወጡና የጋሽ አክሰልን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ። "ግባ! ግባ እንጂ ወንድሜ! እንግዳ ደጅ ላይ ይቆማል እንዴ?"

በአማርኛ ነው ያሉት። መተርጎም አላስፈለገኝም።

እማዬ ፎጣ አመጣች፣ ሻይ አፈላች። ጋሽ አክሰል ፌስታሉን ፈትተው ያንን ፎቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። "ሊያየው እፈልጋለሁ" አሉኝ። አባባ መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት። ከዚያ ጣታቸውን ልጁ ላይ አደረጉ።

"ጌታ ነው ያልሽኝ ይሄን ነው?"

"አዎ።"

"እጅጌውን አየሽው? ጣቱን ውጦታል። ሸሚዙ የእሱ አይደለም። ከፊት ያስቀመጡት ውሻውን እንዲይዝላቸው ነው። ዓይኑ ደግሞ የት ነው የሚያየው? ሁሉም ወደ ፊት ያያል፣ እሱ ወደ ጎን ነው። እቺን ሴትዮ ነው የሚያያት።" ዳር ላይ ያለችውን አንዷን ባለሽርጥ አሳዩኝ። "እጆቿን ሽርጡ ሥር ደብቃለች። እናቱ ናት። በውሃ የተላጠ እጅ እንዲህ ነው የሚደበቀው፤ የኔም እናት እንዲህ ነበረች።"

ተረጎምኩ። ጋሽ አክሰል ኩባያቸውን አስቀመጡ።

"ያ ሸሚዝ የባሮኑ ልጅ ሸሚዝ ነበር" አሉ። "ፎቶው እንደተነሳ አስወለቁኝ። እናቴ ልብስ አጣቢ ናት። በጸደይ ጸደይ ደግሞ የግንቡን መስኮቶች ታጥባለች። ባልዲውን የምሸከምላት እኔ ነበርኩ።"

"ታዲያ ላላስገቡህ ሰዎች ቤት በእርጅናህ ምን ያለፋሃል?" አሏቸው አባባ፣ ግንቡን በእንጨት እንደሚሠሩት ስነግራቸው። ነገሩን አለሳልሼ ልተርጉም ፈለግኩ፤ "እንዳልኩት ንገሪው" አሉኝ።

"ለእነሱ አይደለም" አሉ ጋሽ አክሰል። "የእናቴን መስኮቶች ነው የምሠራው።"

አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። ደጋግመው ነቀነቁ። እማዬ ፎጣውን አጥፋ፣ ፈትታ፣ እንደገና አጠፈች።

ከዚያ በኋላ ወሬው እንደ ጎርፍ መጣ፤ ምላሴ እስኪደርቅ ተረጎምኩ። ጋሽ አክሰል ከመወለዳቸው በፊት መንግሥት ከባሮኖቹ መሬት ሲሶውን ወስዶ ለድሆች እንዳከፋፈለ ሲናገሩ አባባ ከወንበራቸው ተነሱ።

"ሲሶ? ጌታው ሲሶ ከፈለ? በደንብ ጠይቂው እስቲ!"

"አዎ ነው የሚሉት፣ አባባ። ሲሶ።"

"እሰይ! ይበለው! እኛ ነበርን እኮ ለጌታው ሲሶ የምንከፍለው!" ብለው ጭናቸውን እየመቱ እስኪያስላቸው ሳቁ። ጋሽ አክሰልም ምኑ እንዳሳቃቸው ሳይገባቸው አብረው ሳቁ።

ሰኞ እማዬ ስልኩን ይዛ፣ ትኬቱን ይዛ መጣች። "አባዬ፣ ልደውል?"

"ለማን?"

"ለትኬቱ ነዋ።"

"የምን ትኬት? ሥራ አለኝ እኮ!" ብለው ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ።

ሥራው ግንቡ ነበር። ያን ክረምትና ጸደይ ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩ ጋ ሳይሆን ጋራዡ ውስጥ ነበር "መጣሽ? እሰይ!" የሚሉኝ። አባባ ሁልጊዜ ደጁ ላይ ቆም ብለው ያስላሉ፤ ልማድ አይለቅም። ጋሽ አክሰልም ወዲያው "ግባ!" ይላሉ። ጆሮ ለሌለው ሰው ሳሉን እንዴት ይሰማው እንደነበር እንጃ። የሚያውቁት አንድ የአማርኛ ቃል ስለነበር ለእኔም ግባ፣ ለእማዬም ግባ፣ ፖስታ ለሚያመጣውም ግባ ነበር። ነሐሴ ላይ አባባ ፍልሰታን ሲጾሙ ጋሽ አክሰል የቅቤ ብስኩታቸውን ደብቀው ዳቦ በማር ያቀርቡላቸው ጀመር።

አንድ ቀን አባባ የግንቡን ዋና በር በጣታቸው ገፋ አደረጉት። መስኮቱ ሁሉ ይከፈታል፤ በሩ ግን አልከፈት አለ።

"ማስቲሽ አድርጌበታለሁ" አሉ ጋሽ አክሰል። "በዚያ በር ገብቼ አላውቅም። በኩሽና በኩል ነበር የምንገባው። ከበሩ ጀርባ ያለው አዳራሽ ምን እንደሚመስል አላውቅምና ዘጋሁት።"

አባባ ሳቅ አሉ። "እኔም የባላባታችንን እልፍኝ አላየሁም። መሮ አለው? አምጪልኝ።"

መሮውን ጫፉ ላይ ሲያስገቡት ጋሽ አክሰል እጃቸውን አንስተው ነበር፤ ከዚያ መልሰው አወረዱት። በሩ ቀጭ ብሎ ወጣ። ከውስጥ ባዶ ነጭ እንጨት ታየ። አዳራሹን እንድቀባ ለእኔ ሰጡኝ። ቢጫ አደረግኩት። አባባ ደግሞ ከተረፈው እንጨት ሁለት ትንንሽ ወንበር ጠርበው ፊታቸውን ወደ ደጁ አድርገው አስቀመጡ። "ማን ነው የሚቀመጥባቸው?" ስላቸው "ባለቤቶቹ" አሉኝ። ባሮኑና ሚስቱ መስለውኝ ነበር። ሞኝ ነበርኩ አይደል?

ቪዛው ታኅሣሥ ላይ አለቀ። አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ ጋሽ አክሰልም መጡ፤ ያንኑ ጥቁር ልብስ ለብሰው። ሲሰነባበቱ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አባባ እጅ ላይ አስቀመጡ። የግንቡ በር ነበር። መዳፍ የምታክል፣ በተልባ ዘይት የታሸች፣ በነሐስ ምስማር እጀታ የተሠራላት።

"ግንቡስ ያለ በር ሊቀር ነው?" አልኳቸው።

"እንዲያውም ይሻለዋል" አሉ ጋሽ አክሰል። "ማንም ደጅ አይጠናም።" ደጅ መጥናት ምን እንደሆነ የነገርኳቸውን አልረሱትም።

እኔ ግን ያ ውሸት ወራት ሙሉ ሆዴን ሲበላኝ ኖሯል። መግቢያው ጋ ስንደርስ አልቻልኩም፤ እያለቀስኩ ተናዘዝኩ። "አባባ፣ ጋሽ አክሰል ጌታ ነኝ ብለው አያውቁም። ይምጡልኝም አላሉም። እኔ ነኝ የዋሸሁዎት። ዝም ብሎ ይግባ ብለው ነበር፣ እሱንም ሳልነግርዎት ቀረሁ።"

አባባ ጎንበስ ብለው ጉንጬን ሳሙኝ። ካፖርታቸው ተልባ ተልባ ይሸት ነበር።

"አውቃለሁ" አሉኝ። "ገና ፎቶውን ያየሁ ዕለት አውቄዋለሁ። አንቺ ግን ጌታ ነው ብለሽ ባትዋሺኝ፣ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ጌታ ደጄ ላይ ባርኔጣውን አውልቆ ሲቆም ለማየት እበቃ ነበር እንዴ?"

ከዚያ ቀና ብለው በሯን ብብታቸው ሥር ሸጎጡና ገቡ።